ግጥሙ ተመዘገበ፣ ልብሱ ተመዘገበ፤ ሴቲቱስ?

ውድ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ አንድ የማላይ ሕዝብ ጭፈራ ነው። ስሙ ሮንግጌንግ ነው፤ ፈጣኑና በሰፊው የሚታወቀው ክፍሉ ደግሞ ጆጌት ይባላል። በማላካ ወሽመጥ ግራና ቀኝ፣ ከማሌዥያና ከሲንጋፖር እስከ ሱማትራ ምሥራቃዊ ጠረፍና እስከ ደቡብ ታይላንድ ድረስ ሰው በሠርግ፣ በድግስና በገበያ ምሽት ሲጨፍረው የኖረ ነው። ተመልካች ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭብለት ሳይሆን የመጣ ሁሉ ተነሥቶ የሚገባበት ጭፈራ ነው። ዛሬ ይነቃቃ፣ በቅርስነትም ይመዝገብ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የማን ስም ይጻፋል የሚለው ጥያቄ እረፍት ይነሣኛል። እርስዎን ማነጋገር የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

በቅድሚያ ጭፈራውን ቀረብ ብለን እንየው። ዘመኑ 1950ዎቹ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ቦታው ሲንጋፖር፣ በ1923 የተከፈተው ኒው ወርልድ የተባለ የመዝናኛ ግቢ። ግቢው ውስጥ ሲኒማ አለ፣ ቲያትር አለ፣ የቦክስ ግጥሚያ አለ፣ የሚበላና የሚጠጣ አለ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል የጆጌት ወለል አለ። ሴቶቹ ከባያ የሚባለውን ጥልፍ ሸሚዝ ከሽርጥ ጋር ለብሰው በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ወንዱ ትኬት ቆርጦ ይጠብቃል። ሙዚቃው ሲጀምር ወደ መረጣት ሴት ሄዶ ትኬቱን ይሰጣታል፤ ትነሣለች። ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አይነካኩም። እሱ ወደ ፊት ሲራመድ እሷ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ ሊጠጋት ሲል በጎን ታመልጠዋለች፤ ከዚያ ዞረው ቦታ ይለዋወጣሉ። እጅ ከወገብ ብዙም ሳይርቅ ይወዛወዛል፣ ጉልበት ቀለል ብሎ ይታጠፋል፣ ዓይን ግን ከዓይን አይነቀልም። መቅረብ ይፈቀዳል፣ መንካት አይፈቀድም፤ የጭፈራው ጣዕም ሁሉ ያለው በዚህች ጠባብ ርቀት ውስጥ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ የትኬቱም ነገር አበቃ። እሷ ወደ ወንበሯ፣ እሱ ደግሞ ኪሱ ከፈቀደለት ወደ ትኬት መስኮቱ።

ከመዝናኛ ግቢዎቹ በፊት ሮንግጌንግ ዘዋሪ ነበር። ጥቂት ሴቶች፣ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች፣ በአንድ ወገን ቆዳ የተወጠረባቸው ረባና የሚባሉ ከበሮዎች፣ አንድ የነሐስ ጎንግ፤ በኋላ አኮርዲዮን ተጨመረበት። ቡድኑ ከመንደር መንደር፣ ከወደብ ወደብ እየዞረ ሠርግና ድግስ ያደምቃል። አስሊ የሚባለው ዜማ ዝግ ያለና የሚያስተክዝ ነው፤ ኢናንግ መካከለኛ ነው፤ ጆጌት ሲመታ ግን የተቀመጠ ሰው አይተርፍም። የጆጌት ምት ሁለትና ሦስት እየተቀያየሩ የሚቆጠሩበት ስለሆነ እግር ሁልጊዜ አንድ ነገር የቀረው እየመሰለው ይጣደፋል። ዜማውን የሚመራው ቫዮሊኑ ነው፤ ዘፋኟ ከእሱ ጥቂት ዘግየት ብላ፣ በራሷ ማስጌጫ እያሳመረች ትከተለዋለች።

የሮንግጌንግ ሴት ጨፋሪ ብቻ አይደለችም። ትዘፍናለች፣ የምትዘፍነውንም እዚያው ቆማ ትፈጥራለች። ፓንቱን የሚባለው የማላይ ግጥም አራት ስንኝ አለው፤ አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ጋር ቤት ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ስለ ወንዝ፣ ስለ ፍሬ፣ ስለ ወፍ ወይም ስለ ጀልባ ያወራሉ፤ ዋናው ነገር የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ነው። በእኛ ሰምና ወርቅ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ላይ ተደራርበው ይገኛሉ፤ በፓንቱን ግን ተከታትለው ይቆማሉ፣ የፊተኛው ለኋለኛው መንገድ እየጠረገ። ወንዱ በፓንቱን ይነካካታል፤ እሷ ቤት ሳትሰብር፣ ምት ሳትስት፣ እግሯንም ሳታቋርጥ ትመልስለታለች። ካሞገሳት ታሞግሰዋለች፤ ከቀለደባት ሕዝብ ፊት ታዋርደዋለች። አዝማሪ ቤት አምሽተው ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል፤ የገባውን እንግዳ ስም ጠይቆ፣ አለባበሱን አይቶ፣ ወዲያው በግጥም የሚያነሣና የሚወጋ ሰው አይተዋል። ያን የአንደበት ችሎታ ሌሊቱን ሙሉ ከማያቋርጥ የእግር ሥራ ጋር በአንዲት ሴት ላይ ያስቡት።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ። በ2018 ዩኔስኮ ዶንዳንግ ሳያንግ የተባለውን የማላካ ዘፈን በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ፤ በቫዮሊን፣ በረባናና በጎንግ ታጅቦ በፓንቱን እየተመላለሱ የሚዘፈን ነው። በ2020 ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ አብረው ያቀረቡት ፓንቱን ተመዘገበ። በ2024 ደግሞ ብሩናይ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ በጋራ ያቀረቡት ከባያ ተመዘገበ። ሦስቱም ይገባቸዋል፤ ሲመዘገቡም ደስ ብሎኛል። ግን እስኪ ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፦ ዘፈኑ፣ ግጥሙ፣ ልብሱ። በሮንግጌንግ ወለል ላይ ሦስቱም በአንዲት ሴት ላይ ነበሩ። ለብሳው፣ ገጥማው፣ ዘፍናው፣ ከዚያም ላይ ጨፍራበት እንጀራዋን ትበላ ነበር። የያዘቻቸው ነገሮች ተራ በተራ ከእጇ ተወስደው ክብር አገኙ። ጭፈራው ግን፣ ሮንግጌንግም ተባለ ጆጌት፣ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ በዚያ ዝርዝር ላይ በስሙ አልገባም። እሷንማ ጭራሽ ማንም አላነሣትም።

ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ገንዘብ ተቀብላ ከማታውቀው ወንድ ጋር የምትጨፍር ሴት ስሟ ጎደፈ። ማታ ትኬት የቆረጠላት ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞርባት ነበር። እኔ ያን ዘመን አሳምሬ ላቀርብልዎ አልፈልግም፤ በዚያ ወለል ዙሪያ ስካር ነበር፣ ጠብ ነበር፣ በሴቶቹም ላይ የሚደርስ በደል ነበር። ይሁን እንጂ በደሉን የተሸከመችው ሴት ጥፋተኛ ተደርጋ ከታሪኩ የምትወጣበት ፍርድ አይታየኝም። በእኛም አገር አዝማሪን ለሠርጉ የሚፈልገው ሰው ለልጁ ጋብቻ ሲሆን ግን ይሸሸው እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ። ጥበቡ ተወዶ ባለጥበቡ ሲናቅ ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጭፈራው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ራሱ የወደብ ታሪክ ነው። ፖርቱጋሎች የወደብ ከተማዋን ማላካን የያዙት በ1511 ነው። በከተማዋ እስከ ዛሬ የሚኖሩት ክሪስታንግ የሚባሉት የፖርቱጋልና የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ብራንዮ የሚሉት ጭፈራ አላቸው፤ ጆጌትን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ቫዮሊኑ ከአውሮፓ መጣ፤ ረባናው የእስልምናው ዓለም ዘመድ ነው፤ ጎንጉ የደሴቶቹ ነው፤ ግጥሙ ማላይኛ ነው። ትኬት የሚቆርጠውም ማላይ ብቻ አልነበረም፤ ቻይናዊው ነጋዴ፣ ሕንዳዊው ሠራተኛ፣ መርከበኛው ሁሉ ነበረበት። ይህ ቅይጥነት ለጭፈራው ነውር ሳይሆን ሀብቱ ነው። ከብራንዮ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ የፖርቱጋል ባለሥልጣን ማላካን ሲጎበኝ፣ የክሪስታንግ ማኅበረሰብ ወጣቶች የፖርቱጋል ገጠር ጭፈራዎችን አጥንተው አሳዩት። ከዚያ ወዲህ ለጎብኚ የሚቀርበው ያ ከውጭ የተጠናው ሆነ። ብራንዮ ግን የማኅበረሰቡ የራሱ የሠርግና የቤት ጭፈራ ሆኖ ቆየ። ለእንግዳ የሚታየውና ሰዎቹ በርግጥ የሚኖሩበት ነገር እንዲህ ሊለያይ ይችላል፤ የቅርስ መዝገብ የያዘ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ብዕሩን ማንሣት የለበትም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥታቱ ጭፈራውን ፈለጉት። በማሌዥያ በ1971 የተካሄደው የብሔራዊ ባህል ጉባኤ ብሔራዊው ባህል በአካባቢው ነባር ሕዝቦች ባህል ላይ እንዲመሠረት፣ እስልምናም በውስጡ ትልቅ ስፍራ እንዲኖረው መርህ አወጣ። ጆጌት ወደ መድረክ ወጣ፤ ዩኒፎርም ለበሰ፤ ወንድና ሴት በተጠና አሰላለፍ ፈገግ እያሉ፣ ርዝመቱ አስቀድሞ በተወሰነ ሙዚቃ መጨፈር ጀመሩ። ትኬት የሚሸጥላት ሴት ከዚህ ሥዕል ወጣች፣ በእሷ ምትክ የባህል ቡድን አባል ገባች። ጭፈራውን ወደ መድረክ የማውጣቱ ሥራ ከንቱ ነበር አልልም፤ ዛሬ አንድ የማሌዥያ ተማሪ የጆጌትን እርምጃ የሚያውቀው በመድረኩና በትምህርት ቤቱ ምክንያት ነው። ጆጌት ላምባክ የሚባለውም፣ በድግስ መጨረሻ ሰው ሁሉ ተነሥቶ በጅምላ የሚጨፍረው፣ የድሮውን ወለል ክፍትነት በከፊል አቆይቶታል። የጠፋው ፓንቱኑ ነው። የጠፋው ሴቲቱ ከራሷ አእምሮ አውጥታ የምትመልሰው መልስ ነው።

በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ታሪክ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሳውቲ የተባለ መምህር በሰሜን ሱማትራ፣ በሰርዳንግ አካባቢ፣ የሮንግጌንግን እርምጃዎች አሰባስቦ ሰራምፓንግ ዱዋ በላስ የሚባል ጭፈራ ደረሰ። አሥራ ሁለት ክፍል አለው፤ ወጣቶቹ ከመተያየት ጀምረው፣ ተግደርድረው፣ ተፋቅረው፣ በመጨረሻ መሐረብ ይዘው እስከ ጋብቻ ይደርሳሉ። የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት ሱካርኖ በ1959 የነጻነት ቀን ንግግሩ ሮክ ኤንድ ሮልን ባወገዘበት ዘመን ይህ ጭፈራ የመላ አገሪቱ የወጣቶች ጭፈራ እንዲሆን ተገፋ፤ ውድድርም ይደረግበት ነበር። ሰራምፓንግ ውብ ነው፤ ሳውቲም ትልቅ ባለሙያ ነበር። ሆኖም ጭፈራው የሚያልቀው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው፤ ሴቲቱ ሁልጊዜ እሺ ትላለች። በሮንግጌንግ ወለል ላይ ግን እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ እምቢታዋም ቤት የሚመታና ሕዝብ የሚያስቅ ነበር። አንድን ማኅበራዊ ጭፈራ ሕያው የሚያደርገውን ነገር ስፈልግ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህች እምቢታ ነው።

መነቃቃት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ በማሌዥያ አንድ ጊዜ ሆኗል። ጆጌት ጋሜላን የሚባል፣ ከምናወራው ጆጌት ፈጽሞ የተለየ፣ የፓሃንግና የትሬንጋኑ ቤተ መንግሥቶች የሴቶች ጭፈራ አለ። በትሬንጋኑ ሱልጣን ሱለይማን በ1942 ሲሞቱ ጭፈራው ቆመ። በ1966 ሙቢን ሼፐርድ የተባሉ የባህል ሰው በአሮጌው ቤተ መንግሥት የተቀመጡትን፣ ጋሜላን የሚባሉትን የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች አገኙ፤ በወጣትነታቸው በዚያ ግቢ የጨፈሩ ሴቶችንም አፈላልገው አገኙ። በ1969 ጭፈራው ኳላ ላምፑር ውስጥ በሕዝብ ፊት ታየ። ጭፈራውን ያዳኑት መሣሪያዎቹ ብቻ አልነበሩም። ጋሜላኑ ተገኝቶ ሴቶቹ ባይገኙ ኖሮ የተረፈው የነሐስ ክምር ነበር። እነዚያ ሴቶች የተፈለጉት ከቤተ መንግሥት ስለነበሩ ነው፤ ያለፈ ሕይወታቸው አያሳፍርም ተብሎ ስለታመነ ነው። ከትኬት ወለል የመጣችውን ሴት በር ማን አንኳኳ?

ደግሞ መዝገብ ብቻውን በር እንደማይከፍት እዚያው ማሌዥያ ታይቷል። ማክ ዮንግ የተባለው የኬላንታን ጥንታዊ የጭፈራ ቲያትር በ2005 በዩኔስኮ የሰው ልጆች ድንቅ ቅርስ ሆኖ ሲታወጅ፣ በተወለደበት በኬላንታን ግዛት ከ1991 ጀምሮ በሃይማኖት ምክንያት በአደባባይ እንዳይታይ ታግዶ ነበር። እገዳው የላላው በ2019 ነው፣ ያውም ቅድመ ሁኔታዎች ተጥለውበት። በዩኔስኮ መቀመጫ በፓሪስ የተከበረ ነገር በትውልድ መንደሩ በድብቅ የሚሠራበት ዘመን ከዐሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። ስለዚህ ወንድና ሴት አብረው መጨፈራቸውን በእምነታቸው ምክንያት የማይወዱ የማላይ ቤተሰቦች ሲናገሩ፣ ኋላቀር ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። አለመነካካት የሮንግጌንግ የራሱ ጥንታዊ ሕግ መሆኑ ለንግግሩ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

እኛም ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለንም። በታኅሣሥ 2023 ካሳኔ በተባለችው የቦትስዋና ከተማ በተካሄደው የዩኔስኮ ስብሰባ የሐረሪዎች ሹዋሊድ በዓል ተመዘገበ፤ በዚያው ስብሰባ መክ ሙሉንግ የተባለው የማሌዥያ ቲያትርም ተመዘገበ። የእኛ በዓልና የእነሱ ቲያትር በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ስምምነት ሥር፣ በአንድ ዓይነት ማመልከቻ አለፉ። ያ የ2003 ስምምነት ቅርሱ ምን እንደሆነ የሚወስነው በቅድሚያ ባለቤቱ ማኅበረሰብ እንደሆነ ይናገራል፤ ያለ ማኅበረሰቡ ተሳትፎና ፈቃድም ማመልከቻ አይቀርብም። ማኅበረሰቡ ሲባል ግን ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚፈርመው የማኅበር ሊቀመንበር፣ የባህል ቢሮ ኃላፊ፣ የቡድን አሠልጣኝ ነው። አንዲት የቀድሞ የጆጌት ሴት ፊርማዋን ያኖረችበትን ማመልከቻ ማየት እሻለሁ።

በማሌዥያ ሕግ ለዚህ መንገድ አለ። በ2005 የወጣው የብሔራዊ ቅርስ አዋጅ ሕንፃና ዕቃን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለን ሰው ጭምር ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ማወጅ ይፈቅዳል። እኔ ብጠየቅ ከዚህ ነው የምጀምረው። ስለ ጭፈራው ፊልም ከመቅረጽ በፊት፣ ዩኒፎርም ከመስፋት በፊት፣ ውድድር ከማዘጋጀት በፊት፣ በፔናንግ፣ በማላካ፣ በሲንጋፖርና በሰሜን ሱማትራ ደሊ የቀሩትን ሴቶችና የቫዮሊን ተጫዋቾች ቤት ለቤት መፈለግ። ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውን በክብር መጻፍ፤ ስሜ አይነሣ የሚሉ ካሉ ደግሞ ምርጫቸውን ማክበር፤ ልጅ ልጆቻቸው የማያውቁት ታሪክ ሊኖር ይችላልና። ለሚያስተምሩበት ሰዓት ገንዘብ መክፈል። ድሮ የተከፈላቸው ገንዘብ ስማቸውን አጥፍቶ ነበር፤ አሁን በአስተማሪነት የሚከፈላቸው ቢያንስ ያን ፍርድ ይሽረዋል። ከዚያ በኋላ ክፍት ወለል፤ ትኬት የሌለበት፣ ዳኛ የሌለበት፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ በአካል ተገኝቶ የሚጫወትበት ምሽት። ወጣቶቹ እርምጃውን በጥቂት ቀን ይይዙታል። ፓንቱን እየገጠሙ መመለስ ግን ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም ይበልጡን መዋል ያለበት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ማመልከቻውንም አንድ አገር ብቻዋን እንዳታቀርበው እመኛለሁ። በ2009 የኢንዶኔዥያዋ ደሴት የባሊ የፔንደት ጭፈራ ስለ ማሌዥያ በተሠራ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ውስጥ በመታየቱ ጃካርታ ውስጥ ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ሮንግጌንግ ላይ እንዲህ ያለ ጠብ የሚያስነሣ ሰው ከጭፈራው አንዳች ነገር አልገባውም ማለት ነው። በደቡብ ታይላንድ ሮንግ ንጌንግ ይሉታል፤ በፓታኒ ማላዮች ይጨፍሩታል፤ በአንዳማን ባሕር ዳርቻ በላንታ ደሴት ደግሞ ኡራክ ላዎይ የሚባሉት የባሕር ሰዎች ሴቶች ይጨፍሩታል፣ ቫዮሊኑም ከበሮውም እነሱ ጋ አለ። ከባያን አምስት አገሮች አብረው ማቅረብ ከቻሉ፣ ከባያ ለብሳ የጨፈረችውን ሴት ጭፈራው ያለባቸው አራቱ አገሮች አብረው ማቅረብ አያቅታቸውም።

ውድ አንባቢ፣ በኳላ ላምፑርም ሆነ በሲንጋፖር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚኖሩ ከሆነ፣ የሠርግ ጥሪ ሲደርስዎ ጆጌት ላምባክ ሲጀመር ተቀምጠው አይቅሩ፤ ከጎንዎ የተቀመጡ ባልቴት ካሉም ድሮ የት ይጨፈር እንደነበር ይጠይቋቸው። ለዩኔስኮ የሚላክ ማመልከቻ በየዓመቱ እስከ ማርች 31 ይቀርባል፤ ዘንድሮ ካመለጠ ለከርሞ ይደርሳል። በ1955 የሃያ ዓመት ወጣት ሆና በኒው ወርልድ ወለል ላይ የቆመች ሴት ግን ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፏታል።

በአክብሮት፣
ጸሐፊው